የጠቆረው የቡና መደብ

«ጎመን መስሎት ቀቅሎታል» አለ አንዱ ከኋላ። ልጆቹ ሳቁ።

ወርቂቱ አልሳቀችም። ባንዲራው እንደተሰቀለ ሰባተኛ ክፍሎች ወንዙ ዳር ወዳለው የትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ወርደው ዳር ያለውን የቡና መደብ ከበዋል። አገረ ገዥው በጥር ሊጎበኟቸው የነበሩት ችግኞች የፈላ ውሃ የነካቸው ይመስል ጠቁረዋል። ጎናቸው ያሉት ሁለት መደቦች ግን ደኅና ናቸው።

የሁሉም ዓይን ታፋ ላይ ነው። ታፋ ከዲጋ ገጠር የመጣ ልጅ ነው፤ ነቀምቴ ዘመድ ስለሌለው በትምህርት ቤቱ ማዕድ ቤት ድስት እያጠበ እዚያው ያድራል። የእጣቢውን ሙቅ ውሃ የሚደፋውም በዚህ በኩል ነው።

«እኔ የምደፋው ከአጥሩ ውጭ ነው» አለ ታፋ ዝቅ ባለ ድምፅ።

መምህራቸው ጋሽ በላይ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ዳሰሱ። ውርጭ ይሆን እንዴ ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙና፣ የልማዳቸውን፣ እዚያው ማስተማር ጀመሩ። ውርጭ እንደ ዝናብ ከሰማይ አይወርድም። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱም ቅጠሉም የቀን ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይለቃሉ፤ ቅጠሉ ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እላዩ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እንዲህ ያለ ረባዳ ቦታ ይወዳል። ከዚያ ቀና ብለው ከመደቡ በላይ የተዘረጋውን የሣር ዳስ አዩ።

«ግን ዳሱ ሙቀቱን ያስቀረዋል። ሌሎቹም ያልተነኩት ለዚህ ነው» አሉ። ወደ ታፋ ዞሩ። «ዕቃህን ሰብስብ። ነገ ወደ አባትህ ትሄዳለህ።»

ወርቂቱ እግሯን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ትቀያይራለች። ትናንት ለእህቷ ሽማግሌ ሊመጣ ስለነበር እናቷ ለወለሉ ሣር እንድታጭድ ልካት ነበር። እሷ ግን ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት መሸባት። ባዶ እጇን ከምትገባ ብላ የዚህን መደብ ዳስ ገፍፋ ወሰደች፤ ጠዋት እመልሰዋለሁ ብላ። ጎህ ሲቀድ ሣሩን ተሸክማ ስትመጣ ቅጠሎቹ የተፈጨ ጨው የተነሰነሰባቸው መስለው ነጥተው አገኘቻቸው። በጣቷ ነካችው፤ ቆነጠጣትና ውሃ ሆነ። ውሃ ከሆነማ ምን ይጎዳል ብላ ሣሩን መልሳ አልብሳ ሄደች።

ስትወጣ የአትክልት ቦታው በር ላይ ባልዲ የያዘ ታፋ አግኝቷት ነበር። «አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት እንዳደረች ጠየቃት እንጂ ከየት ትመጫለሽ አላላትም። አሁንም አንዴ አየት አደረጋትና አቀረቀረ።

ልጆቹ መበተን ጀመሩ። ጋሽ በላይ እጃቸውን እያራገፉ ወደ ክፍል አቀኑ። ታፋ ብቻ መደቡ አጠገብ ቀረ፤ የሞተ ቅጠል ይለቅማል።

ወርቂቱ ሁለት እርምጃ ከጓደኞቿ ጋር ሄደችና ቆመች። ተመልሳ ከዳሱ ላይ አንድ እፍኝ ሣር መዘዘች። የሽማግሌዎቹ እግር ረግጦት ደቅቋል፤ የወለሉ የደረቀ እበት ተጣብቆበታል። ይዛው መምህሯን ተከተለች፤ ስትደርስባቸው ዘረጋችላቸው።

«ጋሼ» አለች፣ «ይኼ ሣር ትናንት ማታ እኛ ቤት ነበር።»