ባዶው ወንበርና የነስሩ ፎቶ

ስለ ጂን፣ ስለ ሞተ ሰው ድምፅ ምናምን ሲወራ እኔ ተነስቼ ልብስ የማጣጥፍ ሴት ነኝ፣ እመኑኝ፣ እንኳን ላምንበት ቁጭ ብዬ ለመስማትም ትዕግሥት አልነበረኝም፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ እንድታምኑኝ ሳይሆን ከሆዴ ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ባሌ ነስሩ ጅማ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺ ነበር፣ ሰርቦ በሉት፣ አጋሮ በሉት፣ ደዶ፣ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ካሜራውን ተሸክሞ ይሄዳል። አምና ከአጋሮ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ፣ ስልኩም አብሮት ደቀቀ። የሚገርማችሁ፣ ዕድሜውን የሰው ፊት ሲቀርጽ የኖረ ሰው የረባ ፎቶ አልነበረውም፣ ና እናንሳህ ሲባል እኔ ከካሜራው ኋላ ነኝ እያለ ይሸሻል፣ ኒካሃችንም አባቱ ካሜራ አይግባ ስላሉ ያለ ፎቶ ነው ያለፈው፣ መታወቂያው ላይ ያለው ደግሞ በላብ ተፍቆ አፍንጫና አንድ ጆሮ ብቻ ቀርቶታል። እኔ በለቅሶውም ቀን አላለቀስኩም። ደንዝዤ ነበር፣ አሁንም ደንዝዣለሁ መሰለኝ፣ በአራተኛው ቀን ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር።

አንድ ቀን የአራት ዓመቷ ልጃችን ሀያት፣ አባ ምን ይመስል ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ረጅም ነው አልኳት፣ ጠይም ነው አልኳት። ፊቱ ግን አልመጣልኝም። የነስሩ እናት፣ እኔም ሃርሜ ብዬ የምጠራቸው፣ እሳቸውም የልጃቸው መልክ እየጠፋባቸው እንደሆነ ነግረውኝ፣ አንዲት ፎቶ ብቻ ፈልጊልኝ ብለው ለምነውኝ ነበር።

ነስሩ ለባለሰርጎቹ ቆራርጦ ያሳመረውን ሲሰጥ፣ ያልተቆረጠውን በዲቪዲ ገልብጦ በካርቶን ያስቀምጥ ነበር። ካሜራ ሲተክል ወይ መስታወት ፊት ሲያልፍ አንድ ቦታ ላይ ፊቱ ሳይገባ አይቀርም ብዬ ካርቶኑን ከአልጋ ስር አወጣሁት፣ ሀያትን ትምህርት ቤት እያደረስኩ በየጠዋቱ ኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ ጀመርኩ። አንዱን ቁልፍ ስነካ ፊልሙ ምስል በምስል ይራመዳል፣ ሌላውን ስነካ የቆመው ምስል ፎቶ ሆኖ ይቀመጣል። በሁለት ሳምንት ያገኘሁት የሙሽራ ቀሚስ ላይ የወደቀ ጥላ፣ የቁም ሳጥን መስታወት ላይ የታየ ክርንና ካሜራውን የጋረደ አውራ ጣት ነው። ድምፁ ግን ሞልቷል፣ “ማሎ፣ እባካችሁ፣ ወደዚህ እዩ” ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እኔም እንደማላውቀው ሰው እሰማዋለሁ።

የእሱ አሠራር ደግሞ እንዲህ ነበር፣ ምሳ ሲያልቅ ድንኳኑ ጥግ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ያስቀምጥና እንግዶቹን በተራ እያስቀመጠ ለሙሽሮቹ ምን ትመኛላችሁ ብሎ ይጠይቃል፣ እነሱ ይመርቃሉ፣ እሱ ከካሜራው ኋላ አሚን ይላል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል።

ያን ቀን የከፈትኩት ገና ሳንተዋወቅ፣ የዛሬ ስምንት ዓመት ሰርቦ ላይ የቀረጸው ሰርግ ነበር። አንድ ሽማግሌ መርቀው ተነሱ፣ እሱ አሚን አለ፣ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ዲስኩ ውስጥ ውስጡን ይንጫጫ ጀመር፣ ምስሉ ትንሽ ተንገጫገጨ፣ ሲረጋ ወንበሩ ላይ ነስሩ ተቀምጧል። ከካሜራው ኋላ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ፣ የእሱ ጉሮሮ ነው፣ ከዚያ የእሱ ድምፅ፣ “እሺ፣ አንተስ ምን ትመኛለህ?” አለው።

አልጮህኩም። ሰው አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል የምታውቋት ቅጽበት አለች አይደል፣ እዚያ ላይ አቆምኩትና ምስሉን ፎቶ አድርጌ አስቀመጥኩት። ሸሚዙን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባለመስመሩ ሸሚዝ ነበር፣ በመጨረሻው ኢድ የገዛሁለት፣ በሞተበት ቀን አጋሮ ሲሄድ የለበሰው፣ ሁለተኛውን ቁልፍ ነጭ ክር አልቆብኝ በሰማያዊ የሰፋሁት እኔው ነኝ። ሰማያዊው ክር ይታያል።

ወደ ኋላ መልሼ አጫወትኩት። ሽማግሌው መረቁ፣ አሚን አለ፣ ምስሉ አልተንገጫገጨም፣ ወንበሩም ባዶ ነው። የነስሩ ድምፅ ባዶውን ወንበር አንተስ ምን ትመኛለህ ብሎ ጠየቀ፣ የድንኳኑ ሸራ በነፋስ ሲመታ ብቻ ይሰማል፣ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ “አሚን” አለ። ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አልቆጠርኩም፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ጆሮዬን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፣ በጥያቄውና በአሚኑ መካከል ከሸራው በቀር ምንም የለም። ያነሳሁት ፎቶ ግን ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ነስሩም እዚያው ተቀምጧል።

ሁለት ቅጂ አሳጥቤ አንዱን ለሃርሜ ወሰድኩላቸው። መስኮቱ አጠገብ ይዘው ቆዩና “ኩን ኢሱማ፣ እሱ ራሱ ነው” አሉ፣ አልሃምዱሊላህ ብለው ሳሙት፣ ከዚያ ማን እንዳነሳው ጠየቁኝ። እሱ ራሱ አልኳቸው።

“አፉን ከፍቷል እኮ” አሉኝ፣ “ምን እያለ ነው?”

“ምንም አላለም፣ ሃርሜ።”

ዋሸኋቸው መሰለኝ። ሰው ለዝምታ አሚን አይልም፣ አንድ ነገር ተመኝቷል፣ ለእኛ ይሁን ለራሱ፣ ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም፣ ተቀብሎ አሚን ያለውም እሱው ነው።

ሌላውን ቅጂ ሳሎን ሰቀልኩት፣ ሀያት አሁን የአባቷን ፊት ታውቃለች፣ የፈለግኩትም ይህንኑ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አዝላ ፎቶው ስር ትቆማለች፣ ረፍዶብናል ስላት እጇን አንስታ ታስቆመኛለች፣ “ቆይ፣ ሊናገር ነው” ትለኛለች። እኔም አጠገቧ እቆማለሁ።