የረቡዕ ቢላዋ

ሁለቱንም ስለት የመረጠችው ወለላ ናት። ይህን ከረቡዕ ጀምሮ ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷ ግን ደጋግማ ስትነግረው ሰንብታለች። ቅዳሜ ጠዋት ተጠርታ አራዳ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድም መንገዱን ሁሉ የምታስበው ይህንኑ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ቢላዋ ተቀምጣለች። እጀታዋ ላይ የተጠመጠመው ነጭ ክር በደረቀ ደም ጠቁሯል።

«ታውቂያታለሽ?» አለች ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል።

«የባሌ ናት። ክሩንም የጠመጠምኩት እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ሳበችላት።

የወለላ ባል አንዱዓለም ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ምግብ ያበስላል። ማክሰኞ ዕለት አራት ሆነው ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ወዳለው ደጋ አዲስ የድንኳን ቦታ ሊያዩ ወጥተው ነበር፤ አለቃቸው መሪው ሐብተ ማርያም፣ ሁለተኛው መሪ ልዑልቃል፣ በቅሎ ነጂው አያ እንኳየሁና አንዱዓለም። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐብተ ማርያም ምንጩ ዳር ደረቱን ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። አንዱዓለም አቅፎት፣ ልብሱ በደም ርሶ ነበርና ታሰረ። ሰኞ ረፋድ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ጎረቤት «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለ ያጽናናታል፤ ለወለላ ግን የቀሯት ሁለት ሌሊቶች ብቻ ናቸው።

«ለምን ሁለት ስለት አስፈለገው?» ጠየቀቻት ኢንስፔክተሯ።

«እሱማ አንድ ትልቅ ይበቃኛል፣ በመንገድ ላይ ሸክም ነው ብሎ ነበር። እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። ለአጥንትና ለእንጨት ካራ ያሻል፤ ለሽንኩርትና ለዳቦ ደግሞ ቀጭን ቢላዋ። ደግሞስ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ በነካ ካራ ጎመን ሊከትፍ ነው? ካራው ላይ ቀይ ክር፣ ቢላዋዋ ላይ ነጭ ክር ጠመጠምኩና ሁለቱን የሚይዝ አንድ አፎት ሰፋሁ። በጨለማም ቢሆን እንዳይስት ብዬ ነው።»

«ሻጩ ምን አለሽ?»

ጥያቄው ወለላን ግራ አጋባት። «ይቺ ለሽንኩርት ናት አለኝ። እጀታዋ ልሙጥ ነው፤ በኃይል ከወጋሽባት ተንሸራትታ የራስሽን እጅ ትበላለች አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ በደብር ግቢ ውስጥ ስላደገች ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚለውን ተረት ከፊደል ቀድማ ነው የሰማችው ይሏታል። «ጥግ ላይ ተቀመጪ። የዚህን ቢላዋ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል» አለቻት።

መጀመሪያ የገባው ልዑልቃል ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ መልከ ቀና ሰው ነው። ወለላን ሲያይ ፊቱ ጠቆረና ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ፤ የዘረጋው ግን አንጓውን ነበር። መዳፉ በጃኬቱ እጅጌ ውስጥ ተሸፍኗል። ወለላ አንጓውን ጨበጠች። ምግብ ላይ እንዳለ ሰው ነው ሰላም ያለኝ ብላ አሰበችና ወዲያው ረሳችው።

«በመጨረሻ አንዱዓለምን መቼ አየኸው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ስድስት ሰዓት ላይ። እሳቱ ዳር አብሬው ተቀምጬ ነበር። በዚህችው ቢላዋ ጎመንና ካሮት ሲከትፍ አይቼዋለሁ። ምሳውን ጥዶ ሲያበቃ ቢላዋውን እንደያዘ ወደ ምንጩ ወረደ።»

«ተጣልተው ነበር?»

«ጠዋት ድንኳን ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ስለምን እንደሆነ አላወቅሁም።» ዓይኑን ከወለላ አሸሸ። «ይቅር በዪኝ እህቴ። ያየሁትን አላየሁም ልል አልችልም።»

እንዲህ በሐዘን የሚመሰክር ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል? ኢንስፔክተሯ ውኃ ቀድታ አቀረበችለት። በግራ እጁ ተቀብሎ ጠጣ።

አያ እንኳየሁ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። ስልሳ ዓመት አልፎታል።

«አያ እንኳየሁ፣ ሟቹን በሕይወት ሳለ መጨረሻ ያዩት እርስዎ ነዎት?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ነው መሰለኝ፣ በቅሎዎቹን ማዶ መስኩ ላይ ስጠብቅ በአጠገቤ አለፈ። ‹ድስቱ ከተጣደ ቆይቷል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንጩ ዳር ጸሎቴን ላድርስ› ብሎኝ ወረደ። ሸጋ ሰው ነበር። ምነው ሞት ሸጋውን ይመርጣል?»

«ጠዋት ጭቅጭቅ ሰምተዋል?»

«ከሐብተ ማርያም ድምፅ በቀር አልሰማሁም። ‹እሑድ አምባ ጊዮርጊስ ወርጄ ለእናቱ እነግራታለሁ› ሲል ሰምቻለሁ። የጋብቻ ነገር መስሎኝ አለፍኩት። ለማን እንዳለው አላየሁም።»

ኢንስፔክተሯ የመጨረሻውን ነገር ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

ከዚያ ወለላ ባሏን እንድታይ ተፈቀደላት። በሦስት ቀን አሥር ዓመት አርጅቷል። ያመጣችለትን ምግብ አልነካም።

«ተይው ወለላ። ቢላዋዋ ከአፎቷ ጠፍታብኛለች ብዬ ነገርኳቸው፤ ሁሉም ወንጀለኛ እንዲህ ነው የሚለው አሉኝ። ጥፋተኛ ነኝ ካልኩ ቅጣቱ ይቀልልኛል ብሎ አንዱ እስረኛ መክሮኛል።»

«እንዳትል።»

«ባልልስ ማን ያምነኛል? ሲገኝ በደሙ የታጠብኩት እኔ ነኝ። ለምሳ ልጠራው ወርጄ ነው ያገኘሁት። ይተርፋል ብዬ አቀፍኩት።» ምግቡን ወደ እሷ መልሶ ገፋው። «ሰኞ የሚሆነውን ሰኞ እንየው።»

ወለላ ወጣች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ ፊቷን አልጠረገችም። ያቺን ቢላዋ ባትገዛለት፣ እንዳለው አንድ ካራ ይዞ ቢወጣ፣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ኢንስፔክተሯ ከኋላዋ ደረሰችባት።

«ቤትሽ የት ነው?»

«ቀሐ።»

«ካራው እዚያ አይደል? እንሂድ።»

አያ እንኳየሁ ሐሙስ ዕለት ያወረደው ዕቃ ጓዳ ጥግ እንደተከመረ ነበር። ካራው በአፎቱ ውስጥ ነው፤ የነጩ ቢላዋ ቦታ ባዶ። ኢንስፔክተሯ ካራውን መዘዘች። ደርቆ የተጣበቀ የሥጋ ሞራ ብቻ አለበት።

«ይህ ድስት ምንድን ነው?»

ክዳኑ በጨርቅ ታስሯል። «ረቡዕ ያበሰለው ምግብ ነው። ሬሳው ከተገኘ በኋላ ማንም እህል አልቀመሰም። አያ እንኳየሁ እንዳለ አምጥቶልኝ… በእጁ የሠራውን መድፋት አልሆነልኝም። የሚመለስ እየመሰለኝ…»

«ማን ከፍቶት ያውቃል?»

«ማንም።»

ኢንስፔክተሯ ጨርቁን ፈታች። ሽታው ሁለቱንም ወደ ኋላ ገፋቸው። በማንኪያ የሻገተውን ገፍፋ፣ ከታች ያለውን እያወጣች ትሪ ላይ መደርደር ጀመረች። ወለላ አፍንጫዋን ሸፍና ስታይ ቆየችና ድንገት ተንበረከከች።

«እንዴ፣ የእሱ ሥራ አይደለም። አንዱዓለም ካሮት ሲከትፍ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። ይኼ ተሰብሯል እንጂ አልተቆረጠም።»

ጎመኑ ቅጠል በቅጠል ተቀዷል። ሽንኩርቱ በድንጋይ ተጨፍልቋል። ድንቹ ሙሉውን ከነልጣጩ ነው የገባው። በድስቱ ውስጥ ስለት የነካው አንድ ነገር አልነበረም።

«ካራው እኮ አጠገቡ ነበር» አለች ወለላ በሹክሹክታ፤ ከዚያም ለራሷ መለሰች። «ረቡዕ ነዋ። በፍስኩ ካራ አይነካም።»

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አውጥታ ትሪውን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች። እሑድ ቀኑን ሙሉ አምባ ጊዮርጊስ መዋሏን ወለላ የሰማችው ከሰው ነው።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም በኢንስፔክተሯ ክፍል ተሰበሰቡ። አንዱዓለም እጁ በካቴና ታስሮ ከፖሊስ ጋር ቆሟል። ልዑልቃልና አያ እንኳየሁ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሩ አጠገብ ወለላ የማታውቃቸው፣ ጥቁር ነጠላ የለበሱ አሮጊት ነበሩ። ልዑልቃል ሲያያቸው ብድግ ሊል ቃጣውና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ከምግቡ እንጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች። «ልዑልቃል፣ ጎመንና ካሮት ሲከትፍ አየሁ ብለሃል። ጎመኑ ይኸው፤ በእጅ ተቀዷል። ካሮቱ በእጅ ተሰብሯል። የትኛውን ሲከትፍ ነው ያየኸው?»

ልዑልቃል ፎቶውን ትኩር ብሎ አየ። «ምናልባት… በደንብ አላስተዋልኩም ይሆናል።»

«እሳቱ ዳር አብሬው ነበርኩ ብለሃል። አንድ ሰው ሽንኩርት በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ካየህ አትረሳውም። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ እዚያ አልነበርክም። የነገርከኝ ያየኸውን ሳይሆን፣ ሌላ ቀን ቢሆን የምታየውን ነው።» ወደ አያ እንኳየሁ ዞረች። «ሐብተ ማርያም ሰባት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር፤ ድስቱ ከተጣደ ቆይቷል ብሏል። እንግዲህ ቢላዋዋ ከአፎቷ የወጣችው ድስቱ ከመጣዱ በፊት፣ ሟቹ ገና በቁሙ ሳለ ነው። አንዱዓለም ጠፋችብኝ ሲል እውነቱን ነበር።»

«ራሱ ደብቋት ቢሆንስ?» አለ ልዑልቃል።

«አስቤበታለሁ። ጠፋብኝ ለማለት ብሎ የሚደብቅ ሰው፣ እዩልኝ ፈልጉልኝ እያለ ይጮሃል። እሱ ግን አለቃው እንዳይቆጣው ፈርቶ በእጁ ቀዶ፣ በድንጋይ ቀጥቅጦ፣ ክዳኑን ገጥሞ ዝም አለ። አይደለም?»

አንዱዓለም በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ። ድንቹን እንዴት እንዳበሰለ ማንም ሳይጠይቀው ምን ብሎ ይንገር?

«አሁን የከበደኝ ጥያቄ ይህ ነበር» አለች። «ለመግደል የሚሻለው ካራው ነው። ገዳዩ ለምን ትንሿን መረጠ? ቀኑ ረቡዕ ስለነበረ ነው። በረቡዕ ካራው ሬሳ ላይ ቢገኝ፣ ማን ምን ሊያደርግበት ከአፎቱ አወጣው ይባላል። ነጯ ግን የዚያን ቀን ከምግብ አብሳዩ እጅ የማትለይ ናት። ብልጥ ሐሳብ ነው። ጾሙን አስበህበታል ልዑልቃል፤ ጾመኛውን ግን አላሰብከውም። ቢላዋ ሲያጣ ካራውን ያነሳል ብለህ ተውከው።»

«ይኼ ሁሉ ግምት ነው።»

«ቀኝ እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ።»

አልተንቀሳቀሰም። ወለላ ቅዳሜ የዘረጋላት አንጓ፣ በግራ እጁ የተቀበለው ውኃ አሁን ትዝ አላት። ፖሊሱ የልዑልቃልን እጅጌ ሰበሰበ። በመዳፉ ላይ ፋሻ ነበር፤ ሲፈታ ከአራቱ ጣቶች ሥር የተጋደመ ቁስል ታየ።

«ገመድ ነው» አለ ልዑልቃል።

«ገመድ ይልጣል እንጂ አይቆርጥም። ይህቺ ቢላዋ በኃይል ለወጋባት ሰው እጁን ትበላለች፤ ወለላ ስትገዛ ሻጩ ነግሯታል። አንዱዓለም፣ መዳፍህን አሳያቸው።»

አንዱዓለም የታሰሩ እጆቹን ገለበጠ። ጭረት አልነበረባቸውም።

ልዑልቃል አሮጊቷን አላያቸውም፤ ግን ለእሳቸው ይመስላል የተናገረው።

«እስከ እሑድ ድረስ አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ አለኝ። ለምኜው ነበር። እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ።»

«ምኑን ነው የሚነግረኝ?» አሉ አሮጊቷ።

ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ አበቡ ይባላሉ። ዳኛው የተባለው ልጃቸው ባለፈው ክረምት ከልዑልቃል ጋር ዕቃ ተሸክሞ ተራራ ወጥቶ ነበር። ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ወርዷል ብሎ የነገራቸው ልዑልቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ይጠብቁታል። የቀረውን እሱ ይናገር።»

«ታሞ ነበር» አለ ልዑልቃል። «በረዶ ጣለብን። ልሸከመው አልቻልኩም፤ እመለሳለሁ ብዬው ወረድኩ። አልተመለስኩም። ሐብተ ማርያም በቀደም የልጁን ቦርሳ አለት ሥር አገኘው።»

አበቡ አላለቀሱም። ነገሩ ገና አልደረሳቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ድንጋይ እንኳ ጭነህበታል ልጄ? አውሬ እንዳይነካው?»

ልዑልቃል ፊቱን በቆሰለው እጁ ሸፈነ። «ቸኩዬ ነበር» አለ።

ፖሊሱ የአንዱዓለምን ካቴና ፈታ። ወለላ አምስት ቀን ሙሉ የለመነችው ይህንን ነበር፤ እግሯም ወደ እሱ ሊሮጥ ተነሥቶ ነበር። አሮጊቷ ግን ከወንበራቸው እየተንሸራተቱ ነበርና ወደ እሳቸው ሄደች። ወለሉ ላይ አብራቸው ተቀምጣ ደግፋ ያዘቻቸው። ደስታዋን እንዳያዩባት አንገቷን ደፋች፤ በዚያ ክፍል ውስጥ መደሰት አሳፈራት።

አንዱዓለም የካቴናውን ሰንበር እያሻሸ ጥቂት ቆመ። ከዚያ መጣና በሌላው ጎናቸው ተቀመጠ።

«አለቱን ልዑልቃል ይነግረናል፤ ተራራውን አያ እንኳየሁ ያውቀዋል» አላቸው። «ነገ ወጥተን ልጅዎን እናመጣልዎታለን።»