ከነጩ ቀለም ሥር

ክሪኩ ወደ ላይ ወጣ፤ መኪናው ግን አልተነሳም። ኤልናታን እጀታውን ደገመው። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና የክሪኩ አናት ከኋላው በር ሥር ያለውን ላሜራ እንደ ብስኩት ሰብሮ ገባ። ቡናማ ቅርፊት ሲሚንቶው ላይ ረገፈ።

«ኡ! ኤሊ፣ ተበሳ!» አለች ሮሃ።

«ዝም በይ! ጎረቤት ልትሰበስቢ ነው እንዴ?»

ሐሙስ ከሰዓት ነው። የሰፈራቸው የሳውዝ ሲ ሰማይ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ግን አልመጣም። ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ ይህ ነጭ የጀርመን መኪና ሙሽራ ይጭናል። ዕድሜው ከሮሃ ይበልጣል፤ ቢሆንም ሞተሩ ሲነሳ የግቢው ውሻ አልጋ ሥር ይገባል፣ ወንበሩም እውነተኛ ቆዳ ነው። ወንድሟ ኤልናታን ከገዛው ወዲህ ዳቦ ሊገዛ እንኳ በእግሩ ሄዶ አያውቅም። የምታገባው ዓወት ናት፤ የሮሃ የልብ ጓደኛ የቅሳነት እህት። አባታቸው ጋሽ ገረዝጊሄር መኪና ሊከራዩ ሲሉ «እኔ እያለሁ? በሞቴ!» ብሎ ያስቀራቸው ኤልናታን ራሱ ነው።

ሮሃ መሬት ላይ ተጋድማ በስልኳ መብራት ቀዳዳውን አየች። ጣቷን ሰድዳ ስትጎትት የተጠቀለለ ጋዜጣ ወጣ። እንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ኳስ ተጫዋች ግማሽ ፊቱን ዝገት በልቶት ይስቃል።

«ጋዜጣ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?»

ኤልናታን ተቀብሏት ገለባበጠው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ነው። ቀዳዳውን በዚህ ጠቅጥቆ፣ በላዩ ስቱኮ መርጎ፣ ቀለም ቀብቶ ሸጠልኝ! ሌባ!» ስድቡ ከልቡ ነበር።

ሮሃ ካቻቢቴ አንስታ ወደ ኋላ ጎማው ወጋ ወጋ እያደረገች ሄደች። ጎማውን የያዘው ብረት ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት ቦታ ስትደርስ ካቻቢቴው ምንም ሳያግደው እስከ እጀታው ገባ።

«ኤሊ፣ እዚህ ጋ ብረት የለም እኮ። ጎማው የታሰረው ምን ላይ ነው?»

«ሰኞ ጋራዥ፣ ፈንዲ ጋ ወስጄ አስበይደዋለሁ።»

«ሰርጉ ቅዳሜ!»

«አንድ ቀን ነው ሮሂ። ለአንድ ቀን ስቱኮ ይይዘዋል። አንቺ መብራቱን አስተካክለሽ ያዢልኝ፣ ሳዋ፣ እሺ?»

ያዘችለት። ያንኑ የሰደበውን ሰውዬ ጋዜጣ አጣጥፎ መልሶ ሲጠቀጥቀው፣ ስቱኮውን ሲመርግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ መብራቱን ይዛ ቆማ አየችው።

አርብ በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤት ውስጥ ቅሳነት የሚዜ ቀሚሷን ፎቶ እያሳየቻት ነበር። «ከኋላ ከዓወት ጎን ነኝ! ኤሊ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ሃይዌዩ ላይ ሳንበር ሩንዳ ያለው አዳራሽ አንደርስም!› እኔማ መስኮቱን ከፍቼ ጩኸቴን ነው የማቀልጠው!»

ሮሃ ምሳዋን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። የሞምባሳ መንገድ ከባድ መኪኖች ታዩዋት። «ሆድሽን አመመሽ?» አለቻት ቅሳነት። «ትንሽ» አለች ሮሃ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኪናው እንደ አዲስ ያበራል። ቄስ መጥተው ጸበል ረጭተውት ሄደዋል፤ እናቷም እልል ብላለች አሉ። ኤልናታን በጨርቅ ይወለውላል።

«አየሽው? ማን ያውቃል አሁን?»

«እኔ። ላዩ አምሯል፣ ውስጡን ለቄስ።»

«ቄሱማ ባረኩት!»

«ጸበሉን እሳቸው ረጩ፤ ያልበየድከው አንተ ነህ። ለጋሽ ገረዝጊሄር ንገራቸው፤ ዛሬም መኪና አይጠፋም።»

ጨርቁን ወረወረው። «ኮሌጁን አቋረጠ፣ ሱቁን ዘጋ... አባዬ ለሰው ስለ እኔ የሚያወራው ይህን ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ቀና ልበል ብል ምን አለበት? እህቴ አይደለሽ?» ድምፁ ተሰበረ። ሮሃ ወንድሟን ትወደዋለች።

«እሺ» አለች። «እንግዲያው ነገ እኔም ከቅሳነት ጋር ከኋላ ልቀመጥ።»

«አንቺማ አይሆንም! አንቺ ከእማዬ ጋር በታክሲ...»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ሩቅ ቦታ ነጎድጓድ ተሰማ።

የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ ገረዝጊሄር ነጭ ሪባን ተሸክመው ገቡ፤ ቅሳነት አበባ ታቅፋ ከኋላቸው። ልጅነታቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ደስ ሲላቸው የድሮ አማርኛቸው ይመጣል።

«ጎሽ የእኔ አንበሳ! አይ መኪና! ልጄን በዚህ ስድር አባቷ እኔ ነኝ ወይስ ንጉሥ?»

ጣራውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከመኪናው ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ሽርር ብሎ ረገፈ። ሽማግሌው አልሰሙም። ኤልናታንና ሮሃ ሰሙ።

ኤልናታን ሮሃን አያት። ዓይኑ ልመና ነው። ቅሳነት የኋላውን በር ከፍታ ወንበሩ ላይ እየተንደላቀቀች «ሮሂ፣ ነይ ቅመሺው!» እያለች ትስቃለች።

ሮሃ ካቻቢቴውን ከመሣሪያ ሳጥኑ አነሳች።

«ጋሽ ገረዝጊሄር፣ አንዴ እዚህ ጋ ጎንበስ ይበሉልኝ።»

ተንበረከከች። ቀለሙ ከሁሉ በላይ የሚያበራበትን ቦታ ፈልጋ የካቻቢቴውን ጫፍ አስደገፈች።

«ሮሂ...» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ።

ካቻቢቴውን ገፋችው፤ እስከ እጀታው ገባ።