የሲ ጂላኒ ቢጫ ፊደላት

ሲ ጂላኒ (ሲ በቱኒስ አቶ እንደማለት ነው) የሞቱት ከቢሯቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሶፋ ላይ እንደተጋደሙ ነው። ጫማቸውን አውልቀው ካፖርታቸውን ደረታቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ላያቸው ሰው ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ያሉ ይመስላሉ። ኢንስፔክተር ራዲያ ሊፍቱ ስለማይሠራ ደረጃውን በእግሯ ወጥታ ነበርና፣ ትንፋሿ እስኪመለስ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆመች። ቱኒስን ዝናብ ሲደበድባት ሰንብቷል። ራዲያ በዚያ ሳምንት ያየችው ሬሳ ይሄ ብቻ አልነበረም፤ ይሄኛው በቶሎ እንዲያልቅላት ትፈልግ ነበር።

የሚያልቅም ይመስላል። ከሶፋው አጠገብ የተጠጣበት የናና ሻይ ብርጭቆ አለ፤ ሻዩ ውስጥ ሲ ጂላኒ ለልባቸው የሚወስዱት መድኃኒት በብዛት ተፈጭቶ ተጨምሯል። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ባዶውን የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ቆሟል። ኮምፒውተራቸው እንደበራ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ከልክ ሲያልፍ ሰውን እንዴት እንደሚገድል የሚያትት ገጽ ተከፍቶበታል። አለቃዋ ስልክ ደውሎ ይህን ሲሰማ፣ ሰውየው ራሱን አጥፍቷል፣ ዝጊውና ነይ አላት።

ራዲያ ለመዝጋት ያህል ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። መነጽሯን መኪና ውስጥ ረስታዋለች። ነጭ ገጽ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ጥቁር ፊደላት እንደ ጉንዳን ተርመሰመሱባት። አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ብትጠጋም ከርዕሱ በቀር ማንበብ አልቻለችም። ከገጹ መሐል ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሳጥን ተንጠልጥላለች፤ ሰው የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ሲጫን ብቅ የምትለው፣ ትእዛዝ የምታስመርጠው ሳጥን። ማንም አልመረጠባትም፣ ማንም አልዘጋትም። ራዲያ ፎቶ እንዲነሳ አዘዘች።

አሻራ የሚያነሳው ባልደረባዋ ማውሱን በብርሃን እያገላበጠ፣ «አንድም አሻራ የለበትም» አላት።

«የእሳቸውስ?»

«የማንም የለም። ተወልውሏል።»

ራዲያ በረጅሙ ተነፈሰች። ሊሞት የተዘጋጀ ሰው የራሱን ማውስ የሚወለውልበት ምክንያት አልታያትም። ዛሬም ቤቷ በጊዜ እንደማትገባ ገባት።

ባርዶ ሰፈር ባለው የሟች ቤት ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። የሲ ጂላኒ ባለቤት ላላ ቀመር (ላላም ወይዘሮ ማለት ነው) ራዲያን ወደ ኩሽና ወስደው በሩን ገርበብ አደረጉት። አላለቀሱም። ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ነገ ከሰዓት ሬሳው ተሰጥቷቸው ይቀበራል፤ አንድ ልጃቸው ስሊም ግን ከስፋክስ ከተማ አልመጣም ብሏል።

«‹ጥሎን ለሄደ ሰው ምን ብዬ አፈር አለብሳለሁ?› አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም» አሉ። «እህቴ፣ ሰውየው ራሳቸውን ካጠፉ አጠፉ በይኝ፤ እችለዋለሁ። ካላጠፉ ግን ከነገ በፊት ንገሪኝ። ከተቀበሩ በኋላ ለልጄ ብነግረው ምን ያደርግለታል?»

ራዲያ ቃል አልገባችም። ሲ ጂላኒ ሰሞኑን እንዴት እንደነበሩ ጠየቀቻቸው። ላላ ቀመር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የባላቸው ዓይን እየጠፋ ነበር፤ የመብራት ክፍያ ወረቀት እንኳ የሚያነቡላቸው ላላ ቀመር ናቸው። ሲ ጂላኒ ግን ይህ ነገር ከቤት እንዲወጣ አልፈለጉም።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እንዴት ይሠሩ ነበር?»

«አብራቸው የምትሠራዋን ሃያትን ጠይቂያት። የሆነ ዘዴ አበጅታላቸዋለች። ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ሲ ጂላኒ ከሦስት ሰዎች ጋር ነበር የሚሠሩት፦ ከሸሪካቸው ከሎትፊ፣ ከአኒስና ከሃያት። ሥራቸው የሰው ድረ ገጽ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት በእያንዳንዱ ብራውዘር እየከፈቱ ማየት ነው፤ ቁልፉ ይሠራል ወይ፣ ጽሑፉ ከሥዕሉ ጋር ይጋጫል ወይ። እያንዳንዳቸው አንድ ብራውዘር ተመድቦላቸው ከእሱ ጋር ስለሚውሉ፣ የእግር ኳስ ቡድኖቹ የኤስፔራንስና የክለብ አፍሪካን ደጋፊ ይመስል ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ሦስቱም የቢሮው ቁልፍ አላቸው። ሦስቱም ሲ ጂላኒ በሞቱበት ዕለት ምሽት ደህና እደሩ ብለዋቸው እንደወጡ፣ ተመልሰውም እንዳልመጡ ተናገሩ።

ራዲያ መጀመሪያ ያነጋገረችው አኒስን ነው። ፀጉሩን ያሳደገ፣ ሲያወራ እንኳ ጣቶቹ ከኪቦርዱ የማይነሱ ልጅ ነው። የእሱ ብራውዘር ክሮም ነው። ሕዝቡ ያለው እዚያ እንደሆነ፣ ቢሮ የከፈተው ገጽ ስልኩ ላይ እንደሚጠብቀው ዘረዘረላት። ከዚያ ራሱ ሳቀ።

«እውነቱን ልንገርሽ ማዳም? ሰው ብራውዘር አይመርጥም። ያገኘው ላይ ይቀመጥና እጁ ይለምደዋል። ምክንያቱን የሚፈልግለት በኋላ ነው።»

«ማውስህ የት አለ?»

አኒስ መሳቢያውን ከፈተ። ማውሱ ከቸኮሌት ወረቀት ሥር፣ ገመዱ እንደተጠቀለለ ተኝቷል። «ማውስ የሽማግሌ ነው። ይቅርታ፣ አንቺን ማለቴ አይደለም።»

«እኔን ማለትህ ነው» አለች ራዲያ፤ ወደ ሃያት ዞረች።

ሃያት ዓይኗ አባብጧል። ፋየርፎክስን የምትወደው በገባችበት ሁሉ ሲከተሏት ስለማትወድ እንደሆነ ተናገረች። ሌላም ምክንያት አላት፤ ገጹ ምን መምሰል እንዳለበት የገጹን ባለቤት ሳይሆን አንባቢውን ይሰማል። ለሲ ጂላኒ የመረጠችላቸውም ለዚህ ነው። ኮምፒውተራቸው ላይ ስትከፍተው፣ ገና ሲነሳ ማን ሊጠቀም ነው ብሎ ሁለት ስም አቀረበ፤ «ጂላኒ» እና «ንጹሕ»። የመጀመሪያውን ስትጫን ገጹ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ በላዩም ባቄላ የሚያካክሉ ቢጫ ፊደላት ወጡ። ራዲያ ያለመነጽር፣ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ አነበበቻቸው።

«‹ንጹሕ› ምንድን ነው?»

«ለሥራ ነው። ትናንት የገዛሽው ብራውዘር በዪው፤ ምንም አያስታውስም፣ ምንም አልተነካካም። የሰው ገጽ ስንፈትሽ ሁልጊዜ በእሱ ነው። እዚህ ቤት የሠራ ሰው እጁ ሳያስበው ‹ንጹሕ›ን ይጫናል።»

ሳትጠየቅም ሌላ ነገር ነገረቻት። በቅርቡ የጡረተኞች መመዝገቢያ ገጽ ለመፈተሽ ተረክበው ነበር። በትንሹ ፊደል ሁሉም ይሠራል፤ ፊደሉ ሲተልቅ ግን «ተስማምቻለሁ» የሚለው ቁልፍ ከሥዕሉ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ሎትፊ ግን በሁሉም ተፈትሾ አልፏል ብሎ ለደንበኛው ቀድሞ ፈርሞ ሰጥቷል። ሲ ጂላኒ ደግሞ ደንበኛውን ጠርተው፣ ፊርማው ውሸት ነው ሊሉ ቆርጠው ነበር።

ሎትፊ ራሱ ለራዲያ ቡና ይዞላት መጣ። ጫማው የተወለወለ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ቀን ከደንበኛ ደንበኛ ሲዞር ስለሚውል ቢሮ ብዙ አይቀመጥም። የእሱ ብራውዘር ኦፔራ ነው፤ ከተማሪነቱ ጀምሮ ሌላ አልሞከረም። ራዲያ ምኑን እንደወደደለት ጠየቀችው።

«የመመለሻዋን ቀስት ፍለጋ የለም። ማውሱን ይዤ እጄን እንዲህ ሸርተት ሳደርግ ወደ ኋላ ይመልሰኛል» አለና እጁን አየር ላይ ወደ ግራ አንሸራተተ። «ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ነው ማዳም ኢንስፔክተር።»

«እርስዎ በሲ ጂላኒ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ?»

«ኧረ ከዓመት በላይ ነክቼውም አላውቅ።»

ስለ ጡረተኞቹ ገጽ ስትጠይቀው ፈገግታው ትንሽ ዘገየ። ሲ ጂላኒ ሰሞኑን ግትር ብለው እንደነበር፣ ፊደል አጉልቶ ለሚያነብ ለሦስት ሰው ሲሉ ሥራውን ሁሉ እንዳቆሙበት ነገራት። ሦስት ሰው ያላቸው እነማን እንደሆኑ አልጠየቀችውም። ቡናው ስኳር በዝቶበታል፤ ግማሹን ተወችው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ላላ ቀመርም ጥቁር ሻሻቸውን አስረው መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ከሰዓት ቀብር ነው። ራዲያ የሟቹን ኮምፒውተር አስከፍታ በፋየርፎክስ ሁለት የዜና ገጾች አስከትላ ከፈተች፤ ከዚያም ሦስቱ ሠራተኞች ተራ በተራ ተቀምጠው፣ ሁለተኛውን ገጽ ጮክ ብለው እያነበቡ ወደ መጀመሪያው እንዲመለሱ ጠየቀቻቸው።

አኒስ ትከሻውን ነቀነቀ፤ እያነበበ ሁለት ቁልፍ ተጫነና ተመለሰ። ማውሱን ዞር ብሎም አላየው። ሃያት አነበበች፤ ማውሱን ወደ ላይ ወስዳ ቀስቷን ነካች፣ ተመለሰች። ሎትፊ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ የሚያወራውን ዜና እያነበበ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ይዞ እጁን ወደ ግራ ሸርተት አደረገ። ገጹ አልተመለሰም። መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች።

ሎትፊ ንባቡን አቆመ።

ራዲያ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ አውጥታ ከስክሪኑ አጠገብ አቆመችው። ያቺው ሳጥን፣ እንደዚሁ መሐል ላይ ተንጠልጥላለች።

«ልቀመጥ፤ ቆሜ አልችልም» አለች፤ ወንበር ሳበች። ከዚያ ክስ የምታነብ ሳይሆን የቤት ወጪ የምትተሳሰብ ይመስል በዝግታ ተናገረች። «ሲ ጂላኒ ይህን ገጽ አልከፈቱትም። ዓይናቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። በጥቁር ላይ ቢጫ፣ ያውም ትልልቅ ካልሆነ አያነቡም። ገጹ የተገኘው ግን ነጭ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው። እኔ እንኳ አላነበብኩትም። ስለዚህ የከፈተው በ‹ንጹሕ› የገባ ሰው ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ሁለት ስም ቢቀርብለት የባለቤቱን ስም ይጫናል። እጁ ወደ ‹ንጹሕ› የሚሄደው እዚህ የሚሠራ ሰው ነው።»

«ያማ ሦስታችንንም ይጨምራል» አለ ሎትፊ።

«ይጨምራል። ግን ሃያት ቢጫውን የሠራችው እሷ ናት። ሲ ጂላኒ ከፈቱት ለማስባል ቢሆን በቢጫው ትከፍተው ነበር። አኒስ ማውስ አይነካም፤ የተወለወለው ደግሞ ማውሱ ነው። ሳጥኗ የምትወጣው የቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ነው። ወደ ኋላ ለመመለስ የቀኝ ቁልፍ የሚይዝ እጅ እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው። እርስዎ ይህን ኮምፒውተር ከዓመት በላይ አልነካሁም ብለውኛል፤ እጅዎ ግን እዚህ ፋየርፎክስ ላይ የኦፔራ ልማድ እንደማይሠራ ገና አሁንም አልተማረም።»

«እጅ አንሸራተተ ተብሎ ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። ለዚህ ነው ትናንት የሕንፃውን ዘበኛ ያስጠራሁት። ሲ ጂላኒ በሞቱበት ምሽት ተመልሰው ሲገቡ በሩን የከፈቱልዎ እሳቸው ናቸው። እኔ እስክጠይቃቸው ድረስ የጠየቃቸው አልነበረም። አልተመለስኩም ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት።»

ከሎትፊ ፊት ላይ የደንበኛ ፈገግታው ሄደ። ወደ ላላ ቀመር ሳያይ፣ «ዓይናቸው?» አለ። «ስለ ዓይናቸው አንድም ቀን አልነገሩኝም።»

«ቢነግሩህስ?» አለች ሃያት።

«ግትርነት መስሎኝ ነበር። ማንም የማይጠቀምበትን ነገር ይዘው ስሜን ሊያጠፉ... ማን ነው እንዲህ አጉልቶ የሚያነበው እላቸው ነበር። ‹አለ፣ የሚያነብ አለ› ይሉኛል፤ ሌላ አይሉኝም።»

ራዲያ አላጣደፈችውም። ድካም የሚያስናግረውን ያህል ቁጣ እንደማያስናግር በሥራዋ ታውቃለች።

«ሻዩን ጠጥተው ተጋደሙ» አለ ሎትፊ በመጨረሻ። «ማውሱን ይዤ ገጹን ከፈትኩ። የተሻለ ልፈልግ ወደ ፊተኛው ገጽ ልመልሰው ስል ከወዲያ ተጣሩ። ‹ማን ነው?› አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። ውሃ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ከዚያ ተመልሼ ስክሪኑን ማየት አልቻልኩም፤ ማውሱን በመሐረብ ወልውዬ ወጣሁ።»

ፖሊሶች ይዘውት ወረዱ። አኒስ ከወንበሩ አልተነሳም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቹ ጭኑ ላይ አርፈዋል። ሃያት የሲ ጂላኒን ብርጭቆ ታነሳ ይመስል ጠረጴዛውን በመዳፏ ዳበሰች፤ ብርጭቆው ግን ማስረጃ ሆኖ ከተወሰደ ቆይቷል።

ላላ ቀመር ስልካቸውን ይዘው ወደ ደረጃው ወጡ። ራዲያ ልትከተላቸው አልፈለገችም፤ በሩ ግን ክፍት ነበር።

«ስሊም፣ አትዝጋው። ስማኝ ብቻ» ይላሉ። «አልጣሉንም። ሰው ነው የገደላቸው። አዎ፣ ተይዟል። የለም፣ አልጣሉንም ልጄ።»

ከዚያ ልጃቸው የሚለውን አዳመጡ። ሲመለሱ ፊታቸው በእንባ ረጥቧል፤ በእነዚህ ቀናት ሁሉ ያላለቀሱት ነው።

«ሉዋጅ ታክሲ እየፈለገ ነው» አሉ። «በዚህ ዝናብ ከስፋክስ ለከሰዓቱ ቀብር አይደርስም። ኢንስፔክተር፣ ሬሳውን እስከ ነገ ያቆዩልኝ ይሆን?»

ሬሳውን የማስረከቢያው ፎርም ተፈርሞ አልቋል፤ አለቃዋም ከጠዋት ጀምሮ ሲደውልላት ነበር። ራዲያ የእሱን ጥሪ አሳልፋ ወደ ሬሳ ክፍሉ ደወለች፤ የሟቹን ስም ተናግራም እንዲህ አለች፦ «ዛሬ ለቀብር አትስጡ። ልጃቸው መንገድ ላይ ነው።»