ላሴ የመረጠው ጠመንጃ

ዊብከን «ቀናተኛ ነሽ» ብሎ የሚደፍራት ሰው በመንደሩ አልነበረም። እሷም ራሷን እንደዚያ አታውቃትም። የወተት ቦቴ እየነዳች በኤልበ ወንዝ ዳር ያሉትን እርሻዎች የምታዳርስ፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በተኩስ ክበቡ ቆማ ከሃምሳ ሜትር ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነጥብ የምትበሳ ልጅ በማን ትቀናለች? ይህ ግን ላሴ ጠመንጃ ሊመርጥ ከመነሣቱ በፊት ነው።

ላሴ የሳር ክዳን ሠሪ ነው። ወደ መንደሩ የመጣው ባለፈው ዓመት የክበቡን ጣሪያ ሊያድስ ነበር። ዊብከ ከበረንዳው ሥር ቁጭ ብላ ጠመንጃዋን ስትወለውል አንድ እቅፍ ሸንበቆ ከላይ መጥቶ ራሷ ላይ ዘጭ አለ።

«አንተ! ከላይ ያለኸው! ዓይን የለህም?»

«ይቅርታ! ከዚህ ሆኜ ሳይሽ ሰው አልመሰልሽኝም።»

«ምን መሰልኩህ?»

«ጠመንጃ የያዘ ባርኔጣ።»

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቋ ቀደማት። ጣሪያውን የጨረሰ ዕለት «አንዴ ልሞክር» ብሎ የክበቡን ጠመንጃ ተዋሰ። ጥይቱ ወረቀቱን ስቶ ከኋላው ያለው የአፈር ክምር ውስጥ ገባ። በሳምንቱ አባል ሆኖ ተመዘገበ።

ማስተማሩ ለዊብከ ደረሰ። ከተኩስ መደቦቹ አራተኛው የእሷ፣ በስተቀኟ ያለው አምስተኛው የእሱ ሆነ። እየሄደች ትከሻውን ታቃናለታለች፣ ክርኑን ትገፋለታለች፣ «አትቸኩል፣ ትንፋሽህን ግማሹን አውጣና ያዝ» ትለዋለች። ከዚያ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ቆመው ሲተኩሱ ቀኝ እጀኞች ሁሉ ግራ ጎናቸውን ለኢላማው ሰጥተው ወደ አንድ ወገን ነው የሚዞሩት። ስለዚህ ዊብከ ዓመቱን ሙሉ የምታየው የላሴን ጀርባ ነበር። ጀርባ ደግሞ አይታዘብም። የፈለገችውን ያህል ታየዋለች።

ላሴ ግን አልተሻሻለም። ዓመት ሙሉ የእሷን ምክር እየሰማ ጥይቱ ዳር ዳሩን ይዞር ነበር። ክበቡን የሚመሩት ጋሽ ኤኖ «ይሄ ልጅ እጁ ጣሪያ ላይ ቀርቷል» እያሉ ያሾፉበታል። ዊብከ ሰው ሲያሾፍበት አትወድም።

ዓመቱ ሲሞላ የራሱን ጠመንጃ የሚገዛበት ፈቃድ መጣ። ዊብከ ይህን ቀን ከእሱ ይልቅ ስትጠብቀው ነበር።

«ስማኝ» አለችው ቢራቸውን ይዘው አጥሩ ላይ እንደተደገፉ። «መነጽር ባለበት ጠመንጃ እንዳያታልሉህ። ዓይንህና ብረቱ ይበቃል፤ የኋላውን ቀዳዳ ከፊተኛው ቀለበት፣ ቀለበቱን ከኢላማው ማገናኘት ነው። አንድ ጥይት አጉርሰህ መቀርቀሪያውን በእጅህ የምትዘጋበት ይሁን። አፈሙዙ ከበድ ያለ፣ ሰደፉ በቁመትህ የሚስተካከል። ቅዳሜ አብረን ከተማ እንወርዳለን።»

ላሴ አንገቱ ድረስ ቀላ።

«ቅዳሜ እንኳ... ስቬንያ ልታሳየኝ ቀጥራኛለች።»

«የትኛዋ ስቬንያ?»

«ከተማ የጠመንጃ መደብር የምትሠራው። የወዲያኛው መንደር ልጅ።»

ዊብከ ታውቃታለች። ሁሉም ያውቃታል። ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ተኩስ ላይም ዊብከን አንዴ ያሸነፈቻት ስቬንያ። ዊብከ ቢራዋን ጨለጠች።

«ጥሩ ነው» አለች። ምንም ጥሩ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ቢሆን ትችለው ነበር። ላሴ ግን በሚቀጥለውም ሄደ፣ ከዚያ በኋላም ሄደ። ጠመንጃ ለመምረጥ ይህን ያህል መመላለስ ምንድን ነው? ሰው ሚስት የሚመርጠው በዚህ አይደል? በመጨረሻ ጥይት ልገዛ ብላ ከተማ ወረደች። እቤቷ ሁለት ሳጥን ጥይት ነበራት።

ከመደብሩ መስኮት አልፋ ግን አልገባችም። ላሴ የጠመንጃ ሰደፍ ትከሻው ላይ አስደግፎ ቆሟል። ስቬንያ መዳፏን በጉንጩና በእንጨቱ መካከል አስገብታ፣ ፊቱን ቀስ አድርጋ ታዞረዋለች። የሆነ ነገር አለችው፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። ዊብከ በቆመችበት ክው አለች። ትከሻውን ዓመት ሙሉ ስታቃና ይህን የመሰለ ሳቅ ስቆላት አያውቅም። ተመልሳ ቦቴዋ ውስጥ ገባችና በሩን ባላት ኃይል ጠረቀመችው።

ሐሙስ ላሴ አልቀረም።

«ጠመንጃዬን አገኘሁ» አላት ፊቱ በርቶ። «የበዓሉ ቀን ታይዋለሽ።»

«እኔ ምን አገባኝ? አስተማሪህ ትይልህ።»

«አስተማሪዬማ አንቺ ነሽ።»

«ነበርኩ። የኔ ትምህርት ሳይገባህ ዓመት አለፈ፤ የእሷ በጥቂት ቅዳሜ ገባህ። የእጇ ነገር ይሆናል።»

ላሴ «የበዓሉን ቀን ጠብቂ» ብሏት ወደ ቤቱ ሄደ። ያ አነጋገር ዊብከን ከስድብ በላይ አቃጠላት።

የበጋው በዓል ደረሰ። ሁሉም አረንጓዴ ኮቱን ለብሷል፣ የነሐስ ባንዱ ጥሩምባውን እየሞከረ ነው፣ ሴቶቹ ዳቦ ውስጥ ሄሪንግ ዓሣ ይሸጉጣሉ። በዚያ ቀን እያንዳንዱ አባል በወረቀቱ ላይ አንዲት ጥይት ብቻ ይተኩሳል። ለመሃሉ የቀረበ የዓመቱ ንጉሥ ይሆናል፤ የብር ሰንሰለቱን አጥልቆ ንግሥቱን በሰው ፊት በስሟ ይጠራል። የተጠራችው ዓመቱን ሙሉ በየድግሱ ከጎኑ ናት። ስቬንያም በእንግድነት መጥታ አጥሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀይ ቀሚስ ለብሳ። ዊብከ ቀሚሱን አየች። ላሴ ሲያሸንፍ ልታይ ነው የመጣችው። እሱ ደግሞ ቢያሸንፍ ማንን እንደሚጠራ ምን ያጠያይቃል?

«አራተኛና አምስተኛ መደብ!» አሉ ጋሽ ኤኖ።

ዊብከ ቦታዋን ያዘች፤ አጎረሰች፤ መቀርቀሪያውን ዘጋች። ግራ ጎኗን ለኢላማው ሰጥታ ጠመንጃዋን አነሣች። ከዚያ እንደ ልማዷ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ የላሴን ጀርባ ልታይ ዓይኗን ወረወረች።

ጀርባ አልነበረም። ላሴ ፊት ለፊቷ ቆሟል።

ሰደፉ በግራ ትከሻው፣ ጉንጩ በወዲህኛው በኩል፣ የጠመንጃው መቀርቀሪያም በግራ። የግራኝ ጠመንጃ ነው። ዓመት ሙሉ ተደብቃ ስታየው የኖረችው ሰው አሁን ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ ከማነጣጠሪያው በላይ፣ እሷኑ እያየ ነበር። ፈገግ አለ።

ዊብከ ዓይኗን ቶሎ ወደ ቀዳዳው መለሰች። ቀለበት አየች፣ በቀለበቱ መሃል ጥቁር ክብ አየች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ቃታውን ሳበች። በሕይወቷ እንዲህ ያማረ ተኩስ ተኩሳ አታውቅም።

ወረቀቶቹ በሽቦው ላይ እየተንሸራተቱ መጡ። የዊብከ ወረቀት እንደ ነጠላ ንጹሕ ነበር። የላሴ ወረቀት ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ አንደኛው ከመሃሉ ጥቂት ወጣ ያለ፣ ሁለተኛው የመሃሉ መሃል።

ጋሽ ኤኖ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት።

«ዊብከ» አሉ። «የጎረቤትሽን ኢላማ ነው የተኮስሽው።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ይህ የጀማሪ ስሕተት ነው፤ የመጀመሪያ ሳምንት ስሕተት። ዊብከ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ጋሽ ኤኖ፣ የመሃሉ የእሷ ነው» አለ ላሴ። «የኔ ወጣ ያለው ነው። ቃታውን ስስብ ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር።»

«የት ነበር?»

«እሷ ላይ።»

«ደንብ ደንብ ነው፤ የስማ በለው ወሬ አልቀበልም። ቀዳዳ ስም አይጻፍበትም። የተሻለው ለወረቀቱ ባለቤት ይቆጠራል፣ ለሳተችው ባዶ። በል ና፣ ሰንሰለቱን አጥልቅና ንግሥትህን ጥራ!»

ባንዱ ዝም አለ። ዊብከ ጓንቷን አውልቃ ወደ ብስክሌቷ መሄድ ጀምራለች። ንግሥናውን በገዛ ጥይቷ ሰጥታ፣ ቀይዋ ቀሚስ ስትጠራ ቆማ መስማት አልፈለገችም።

«ዊብከ!»

ዞረች።

«ስቬንያን ጥራ! ጉንጭህን ስትዳብስልህ ያላየሁ መሰለህ?»

ያለችውን ካለች በኋላ ነው መንደሩ ሁሉ እንደሰማት ያወቀችው። ጋሽ ኤኖ እንኳ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ላሴ ሰንሰለቱን እያንቃጨለ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ቀኝ ዓይኔ ደካማ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ድሮ ሸንበቆ ወግቶት ነበር። ስቬንያ በመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰችበት። በግራ እንዳነጣጥር ነበር ፊቴን የምታዞረው።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? ዓመት ሙሉ?»

«ጎበዝ ብሆን ትከሻዬን ማን ያቃናልኛል?»

ስቬንያ ከአጥሩ ላይ ሆና ጮኸች፦ «ኧረ ውሰጂልን እባክሽ! ስለ አንቺ ሲያወራ ጆሮዬን አደነቆረው! እኔማ ቢጠራኝ ኖሮ እሄድለት ነበር!»

ሁሉም ሳቀ፤ ስቬንያም ሳቀች። ዊብከ ብቻ የመጨረሻዋ ቃል ሙሉ በሙሉ ቀልድ እንዳልሆነች ሰማች። እጇን ለላሴ ሰጠች፤ ባንዱም ጀመረ።

በመኸሩ ተጋቡ። የክበቡ ነጥብ ግን አዘቀዘቀ፤ አራተኛና አምስተኛ መደብ ላይ ያሉት ሁለቱ ፊት ለፊት እየተያዩ ማን ያነጣጥራል? ጋሽ ኤኖ በመሃላቸው ሳንቃ ሊያቆሙ መዶሻ ይዘው መጡ። ዊብከ «ሳንቃው ከቆመ ሁለታችንም ወጣን» ብላ መለሰቻቸው።

በክረምቱ ስቬንያ ከመንደሯ ክበብ ለቃ ወደ እነሱ መጣች። ባዶ የነበረው ስድስተኛው መደብ ብቻ ነው፤ ከላሴ ቀጥሎ። ጋሽ ኤኖ ነገሩ አሳስቧቸው ዊብከን ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ልጄ፣ ቅር ካለሽ ሌላ ቦታ እንፈልግላታለን።»

ዊብከ ላሴንና ስቬንያን አየች። እሱ ግራኝ፣ እሷ ቀኝ እጀኛ። ጠመንጃቸውን ሲያነሡ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚሆኑት።

«ግድ የለም፣ ጋሽ ኤኖ» አለች ጥይቷን እያጎረሰች። «ቦታው ለእሷ የተሠራ ነው።»