ከዚሩ ጥግ ያለችው ተክል

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ለሐበሻ ልጆች ሳይንስ ሳስተምር «የቀትር ጋኔን የምትሉት ፀሐይና ባዶ ሆድ ነው» እያልኩ ተማሪዎቼን የማስቅ ሰው ነበርኩ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ቶሎ አትፍረዱብኝ።

የተከራየሁት እማማ ትርንጎ ግቢ ውስጥ ነበር። ከጎንደር ገጠር በረሃብ ጊዜ ተሰደው የመጡ፣ ከአንዲት ልጃቸው ከሰላም በቀር ማንም የሌላቸው ሴት ናቸው። ሰላም ካርቱም ሰው ቤት ስትሠራ ከአሠሪዋ ለምና ያመጣችላቸው አንዲት ተክል ነበረች፣ የዝናብ አገር ተክል፣ ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሲነኩት እንደ ከፋይ ጨርቅ የሚለሰልስ፣ ጅማቶቹ በነጭ ክር የተጠለፉ የሚመስሉ። እንዲህ ያለች ተክል በገዳሪፍ ሙቀት እንዴት ትኖራለች ትሉኝ ይሆናል፣ ላስረዳችሁ። የአገሩ ጥቁር አፈር ሥሯን አንቆ ስለሚያበሰብሰው እማማ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የከሰል ስብርባሪና የኦቾሎኒ ገለባ ደባልቀው ነው የተከሏት፣ ያስቀመጧትም ከሣር ዳሱ ሥር፣ ከዚሩ ጥግ ነው። ዚር የምንለው ትልቁ የሸክላ ውሃ ማስቀመጫ ቀኑን ሙሉ ስለሚያልበው አጠገቡ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ቀትር ሲሆን ደግሞ እማማ ውሃ በጉንጫቸው ይዘው፣ ልክ ልብስ እንደሚተኩስ ሰው፣ እፍ ይሉባታል።

ሰላም በሊቢያ በኩል ልሻገር ብላ ከሄደች በኋላ ድምጿ ጠፋ። ሰው ሁሉ እርማቸውን እንዲያወጡ ቢመክራቸውም እማማ እምቢ አሉ።

«ተክሏ አዲስ ቅጠል እያወጣች የምን ለቅሶ ነው?»

«ተክል ደግሞ ወሬ ያመጣል እንዴ እማማ?» አለቻቸው ጎረቤታችን አስካል።

«ጁባ ከሄደው ባልሽ ይሻላል፣ እሱ ያንንም አላመጣ!»

አንድ ቀን ከሰላም ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ የነበረ ልጅ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ተመልሷል የሚል ወሬ መጣ። እማማ በጠዋት ከአስካል ጋር ሊሄዱ ሲነሱ፣ «ኡስታዛ፣ ቀትር ላይ ውሃ እፍ በይላት፣ ደግሞ እንደ ተማሪዎችሽ እንዳትቆጫት» አሉኝ፣ ኡስታዛ በአገሩ አጠራር መምህርት ማለት ነው።

ከትምህርት ቤት ተመልሼ የብረት በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩና ፀሐዩ እስኪበርድልኝ ክፍሌ ገብቼ ጋደም አልኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የዚሩ ክዳን ሲነሳ ነው። ነፋስ ነው ብዬ ተውኩት፣ እመኑኝ፣ ነፋስ ግን አልነበረም። ቀጥሎ ጣሳው ሸክላውን ፋቀው፣ ከዚያ ውሃ በጉሮሮ ሲወርድ ሰማሁ፣ ሳይተነፍሱ፣ ጭልጥ አድርገው፣ እንደገና እየቀዱ፣ እንደገና።

«እማማ፣ መጡ እንዴ?»

ድምፁ ቆመ። ብዙ ሮጦ እንደቆመ ሰው ያለ ረጅም ትንፋሽ ተሰማኝ።

ስወጣ ማንም የለም። በሩ እንደተቀረቀረ ነው። ጣሳው በገመዱ ላይ ይወዛወዛል፣ በጠዋት አፉ ድረስ ሞልቼው የሄድኩት ዚር ወደ ግማሽ ወርዷል። ተክሏን አየኋት፣ እኔ ገና ጠብታ ሳላደርስባት ቅጠሎቿ ሁሉ በደቃቅ ውሃ ረስርሰዋል። ተክል ከቅጠሉ ጫፍ ውሃ እንደሚያወጣ አውቃለሁ፣ ያ ግን ሌሊት ነው፣ በጫፉ ብቻ ነው። ይሄ በአፍ የተረጨ ነበር።

እማማ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። አስካል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ መኪናው በረሃ መሐል እንደተበላሸ፣ ውሃቸው እንዳለቀ፣ ልጁ ከሌሎች ጋር በእግሩ እርዳታ ፍለጋ ሲሄድ ሰላምን በሕይወት እንደተዋት፣ ከዚያ ወዲያ እንደማያውቅ ነገረችኝ። እማማ ግን ዚሩን እያዩ ነበር።

«ኡስታዛ፣ ይህን ማን ጠጣው?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር።

«ስትጠጣ፣ ረጋ ብላ ነው ወይስ ተስገብግባ?»

«ሳትተነፍስ ነው፣ እማማ።»

ተክሏን በጣታቸው ጀርባ ነኳት፣ የልጅ ጉንጭ እንደሚዳብስ ሰው ቀስ ብለው።

«ጠምቷት ነበር» አሉ።

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጥለቱን እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገታቸው አዘቀዘቁት። አስካል ይህን ስታይ ወዬው ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፣ እማማ ግን በእጃቸው ከለከሏት።

«ቆዪ አንቺ። ኡስታዛ፣ መጀመሪያ ዚሩን ሙዪው።»

ሞላሁት። በማግስቱ ቀትር ላይ ጎድሎ አገኘሁት፣ ግቢው ግን በለቅሶ ደራሽ ተጨናንቆ ስለነበር ማን እንደጠጣው እስከ ዛሬ አላውቅም።