የቆመ ሰው ይቀራል

ፎቶ አንሺው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሞቷል። መርማሪዋ ስትገባ እግሮቹ ከጣሪያው መዘውር ጋር በገመድ እንደታሰሩ ነበሩ፤ ጣቶቹ ወለሉን ሊነኩ አንድ ስንዝር ቀርቷቸዋል። ሰውየው በሕይወቱ ለማንም አዝኖ አያውቅም፤ ሞቱም አላዘነለትም።

ክፍሉ ራሱ ካሜራ ነው። መስኮቱ በሳንቃ ተደፍኖ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች፤ በእሷ የሚገባው ብርሃን መንገዱን ከነግንቡ ገልብጦ ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል።

«ጋሼ ተዘቅዝቆ ሲያየው መንገዱ ይቃናለታል» አለች ፎቶ አጣቢዋ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጀመሪያ ቀዳዳዋን ይከፍታል፤ ከዚያ ሌላ ሰው እግሩን አስሮ ይሰቅለዋል። ማሰሩ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ደም ግፊት ስላለበት ግን በአምስት ደቂቃ መውረድ አለበት።»

«ስታገኚው ምን አደረግሽ?»

«ቀዳዳዋን ከደንኩ፤ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። ግድግዳው ላይ የፎቶ ወረቀት ለጥፎ ነበር፤ እንዳይበላሽ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጮህኩ።»

ፎቶ አጣቢዋ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ማተሚያ ቤት እንደነበረች አምስት ሰው መሰከረላት። ተጠርጣሪ ሆነው የቀሩት የሟች ሚስትና ታናሽ ወንድሙ ናቸው።

ታናሽየውን ሰፈሩ «ጉልላት» ይለዋል። አንድ ጊዜ ወንድሙ ከጣሪያ ላይ ሆኖ ቁልቁል ፎቶ አነሳው፤ በፎቶው ላይ አንድ ትልቅ ራስና ሁለት ጫማ ብቻ ሆኖ ወጣ። ፎቶው የስቱዲዮው በር ላይ ተሰቅሎ አገር ሳቀበት። እጮኛው ሳትቀር ስቃ ሄደች።

«ራሱን ሰቅሎ ይሆናል» አለ ጉልላት።

«ገመዱ የታሰረው አምስት እርምጃ ርቆ ነው። እጁ ጎማ ነበር እንዴ?»

«እንግዲያ ሚስቱ ናት። እሷንም ዘቅዝቆ አንስቷት፣ እንባዋ ወደ ግንባሯ ሲፈስ ለሰው አሳይቷል። እኔ ያን ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ሳነብ ነበር።»

ሚስትየዋ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። «መድኃኒት ቤት ነበርኩ» አለች። መድኃኒት ቤቱ በዚያ ቀን ዝግ እንደነበር ሲነገራት አልተከራከረችም። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ፣ ትንሿን ልጇን ለጎረቤት አደራ እንድትል ብቻ ለመነች።

«ትንሽ ቆይ» አለችው መርማሪዋ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበችና የታጠበውን ፎቶ አቃንታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

ጉልላት ፈገግ አለ። «የወንድሜ መንገድ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ታይቶበት አያውቅም።»

«የሚራመድ ሰው አይታይበትም። ወረቀቱ ቀዳዳዋ እስክትከደን አንድ ሰዓት ሙሉ ስለሚያይ፣ አላፊው ሳይቀረጽ ያልፋል። አንድ ቦታ የቆየ ግን ይቀራል። ይኸው አግዳሚው፤ ከሥሩ የተኛችው ድመት እንኳ ወጥታለች። ጋዜጣ አንባቢው የታለ?»

የጉልላት ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ነጭ ቀሚስ ለብሳ ግንቡን ተደግፋ የቆመችውን ሚስቱን ደግሞ እዩ። ሰውየውን ሰቅላ፣ ሩብ ሰዓት ዘግይታ ብትቆም ኖሮ ከኋላዋ ያለው ድንጋይ በአካሏ አልፎ ይታይ ነበር። አይታይም። ቀዳዳዋ ስትከፈት እዚያው ነበረች፤ እስክትከደንም አልተነቃነቀችም። ታዲያ ገመዱን የጎተተው ማነው?»

«በአምስት ደቂቃ አወርድሃለሁ አልኩት» አለ ጉልላት በመጨረሻ። «እሱ ተዘቅዝቆም ጉልላት እያለ ሳቀብኝ። ትቼው ወጣሁ።»

ወሰዱት። መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «እርስዎስ ለምን ዋሹ?»

«ጉልላት ሲገባ አየሁት፤ እስኪወጣ ልጠብቅ ብዬ ቆምኩ። ሲወጣ የባሌ ጣር በቀዳዳዋ ይሰማኝ ጀመር። መጀመሪያ ወንድሙን ጠራ፤ ኋላ እኔን።»

«በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?»

ሚስትየዋ የቀሚሷን ኪስ ዳበሰች፤ የበሩን ቁልፍ አውጥታም ፎቶው ላይ አስቀመጠችው።